በአንድ ደንበኛ የቆመ ገበያ

የንግድ ቤት የሚጸናው በዕቃው ጥራትና በገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ጊዜ ሲለወጥ ልማዱን ለመለወጥ ባለው ዝግጁነት ጭምር ነው። ለዚህም የላስታዋ ከተማ ላሊበላ ምስክር ናት።

ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፣ ባለሆቴሉም፣ አስጐብኚውም፣ የመስቀልና የሸማ ነጋዴውም ሥራቸውን ይበልጡን ከባሕር ማዶ በሚመጣው ጐብኚ ላይ አቆሙ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ይህን እንግዳ አስቀረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ መብራትም ለወራት ተቋረጠ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የታየው ተስፋም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልሉ በተነሣው ግጭት ተሰናከለ።

ወረርሽኝንና ጦርነትን ነጋዴ ሊከለክል አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ግን አለ። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድም መንገደኛ አጥቶ ነበር። ድርጅቱ ግን ወደ 25 የሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ለጭነት አዋላቸው፤ የሕክምና ዕቃም ወደ ልዩ ልዩ አገሮች አጓጓዘ። ይህ በአንድ ሌሊት የተገኘ ብልሃት አይደለም። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ድርጅት የራሱን የጭነት ክፍል፣ የጥገና ሥፍራና ማሠልጠኛ አስቀድሞ አደራጅቶ ስለ ነበር፣ ችግሩ ሲመጣ ሥራውን የሚያውቅ እጅ በቤቱ ውስጥ ተገኘ።

ባለ ትንሽ ሱቅ «እኔ አየር መንገድ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ነገር ግን ላስታም ሁለተኛ ገበያ አላት። በልደት በዓል በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ምእመን ወደ ላሊበላ ይጐርፋል። ይህ እንግዳ የሚሻው ርካሽ ማደሪያ፣ የጾም ምግብ፣ ጧፍና ነጠላ ነው እንጂ ለባሕር ማዶ ሰው የተተመነ ዕቃ አይደለም። የላስታ ማርም ተጣርቶ፣ በልክ ታሽጎ፣ የአገሩ ስም ተጽፎበት ቢቀርብ፣ ጐብኚ በቀረበት ዓመት እንኳ አዲስ አበባ ድረስ ገዢ ሊፈልግ ይችላል።

ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ አስቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ሳይሆን በመደርደሪያው አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነው። በብዙ የንግድ ቤቶች ግን «ጌታዬ እንዳሉ» የሚለው ልማድ አፉን ይዘጋዋል። ስለዚህ ባለቤቱ በየሳምንቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ምን ተጠይቆ ታጣ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ መልሱንም በመዝገብ ሊያሰፍር ይገባል። ከዚያም አንዱን አሳብ በጥቂት ገንዘብ ይሞክር፤ ሙከራው ቢከስርም አሳቡን ያመጣውን አይውቀስ፤ የተወቀሰ ሠራተኛ ሁለተኛ አይናገርምና።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ መዝገቡ ገበያው ደኅና ሳለ ይከፈት።