የጉሎ መርዝ የቱ ጋ ነው?

ጉሎ ሳይተክሉት ይበቅላል፤ አጥር ጥግ፣ ወንዝ ዳር፣ ቆሻሻ በሚደፋበት ሁሉ። አንዳንዱ ሰው «መርዝ ነው» ብሎ ገና በችግኝነቱ ይነቅለዋል። ሌላው ደግሞ «እናቶቻችን ምጣድ ሲያስሱበት የኖሩት አይደል እንዴ?» ብሎ ልጆች በፍሬው ሲጫወቱ እያየ ዝም ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው።

ቅጠሉን የነካ ይመረዛል የሚባለው እውነት አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. ቡልጋሪያዊው ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ ለንደን ውስጥ እግሩ ላይ በተወጋ ደቃቅ ጥይት ሞቷል፤ በውስጧ የነበረውም ከጉሎ ዘር የሚወጣው ሪሲን እንደሆነ ይታመናል። እሱ ግን ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መርዝ ሥጋ ውስጥ ስለገባበት ነው። ጓሮ ያለውን ተክል በእጅ መንካት ከዚህ ጋር አይገናኝም። እንዲያውም አንዱ የሐር ትል ዝርያ የሚቀለበው የጉሎ ቅጠል ነው። ይህ ማለት ግን ቅጠሉ ለከብት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የራሱ የሆነ ሌላ መርዝ አለው።

ዋናው መርዝ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። እሾሃማው ፍሬ ሦስት ክፍል አለው፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይፈነዳና ዘሩን ራቅ አድርጎ ይበትነዋል። ዘሩ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ቡናማና ግራጫ ዥንጉርጉር ሲሆን ደም የጠገበ መዥገር ይመስላል። ልጅን የሚስበውም ይኸው መልኩ ነው። ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ የተዋጠ ዘር ብዙ ጊዜ እንዳለ ይወጣል። ከታኘከ ወይም ከተበሳ ግን ሪሲኑ መውጫ ያገኛል። ስለዚህ ዘሩን በስቶ እንደ ጨሌ በክር ሰክቶ ለልጅ አንገት ማሰር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ልጅ አንገቱ ላይ ያለውን ወደ አፉ መውሰዱ አይቀርም።

«ዘይቱስ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ሪሲን ፕሮቲን ነው፤ በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ዘሩ ሲጨመቅ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ በፋብሪካ ደግሞ ዘይቱ ስለሚሞቅ የተረፈ ቢኖር እንኳ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ሴቶች ለፀጉራቸው የሚገዙት የጉሎ ዘይት በዚህ ረገድ አያስፈራም። ሲጠጣ ግን ሆድን አጥብቆ ያስቀምጣል፤ ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልትሞክረው አይገባም። የጉሎን ፋጉሎ እንደ ኑግ ፋጉሎ ቆጥሮ ለከብት መስጠትማ ከብቱን መግደል ነው። ለምጣድ ማሰሻ የሚወቀጠው ዘር ቢቆላም፣ ቤት ውስጥ መቆላቱ መርዙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋቱን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ዱቄቱ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ጉሎ የቆላ ተክል ብቻ ነው የሚሉም አሉ። የትውልድ ቦታው ኢትዮጵያን ጨምሮ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል፤ ውርጭ በሌለበት ዓመታት ኖሮ 10 ሜትር ያህል ዛፍ ሊሆን ይችላል። አውሮፓ ያሉ አትክልተኞች ግን ለቅጠሉ ግርማ ብለው በየዓመቱ ይዘሩታል። ዘሩን በጸደይ ቤት ውስጥ ያበቅሉና ውርጩ ሲያልፍ ደጅ ያወጡታል፤ በአንድ በጋ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ውርጭም ይገድለዋል። በጋው አጭር ከሆነ ፍሬው ሳይበስል ይቀራል። ክረምቱ ለስላሳ በሆነበት ደቡብ ካሊፎርኒያ ግን ከጓሮ አምልጦ የመንገድ ዳር አረም ሆኗል። የአየር ጠባይ ቁመቱንና ዕድሜውን ይወስናል፤ የበሰለው ዘር ግን የትም አገር መርዝ ነው። ለውበቱ የሚተክል ሰው ቀይ ቀይ ጭራ ያላቸውን ሴቴ አበቦች የያዘውን ዘለላ ፍሬ ሳይቋጥር ቢቆርጠው፣ ቅጠሉ ይቀርለታል፤ ዘር አይኖርም።

የመጨረሻው ስሕተት ዘሩን ለበላ ሰው ወተት ማጠጣት ነው። ወተት ሪሲንን አያረክሰውም፤ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስም መፍትሔ አይሆንም። ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል «ደህና ነው» ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ቤት በጊዜ የደረሰ ሰው ግን በፈሳሽና በክትትል የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው። ስትሄዱ የተረፈውን ዘር በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ታኝኮ እንደሆነና ስንት እንደተዋጠም ለሐኪሙ ንገሩት።