የጎሚስታው ጎማ ከየት መጣ?

ከጉለሌ ሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጡ መንገድ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። ጎማውን በብረት ከቸርኬው ይፈነቅላል። ከበላዩ ተራራውን ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል። ሁለቱ በስም ይዛመዳሉ ቢባል ማን ያምናል? የሚያገናኛቸው የእንግሊዝኛው «ጋም» ነው፤ ትርጉሙ ሙጫ። አውስትራሊያውያን ባሕር ዛፍን «ጋም ትሪ» የሚሉት ግንዱ ሙጫ ስለሚያወጣ ነው።

የቃል ዘር የሚቆጠረው እንደ ሰው ዘር ወደ ኋላ ነው። «ጋም» ከጥንቱ ፈረንሳይኛ «ጎም»፣ እሱም ከላቲኑ «ጉሚ»፣ ላቲኑ ደግሞ ከግሪኩ «ኮሚ» መጣ። የእኛው «ጎማ» ከዚያው ከላቲን በጣሊያንኛ በኩል የደረሰን ነው። ምስክሩ ራሱ «ጎሚስታ» ነው፦ «ኢስታ» ጣሊያኖች ለባለሙያ የሚቀጥሉት መጨረሻ ነው። ቃል ደግሞ ብቻውን አይሰደድም፤ ፍሬንና ፍሪሲዮንም አብረውት መጥተዋል።

«ክ» እንዴት «ግ» ሆነ ትሉ ይሆናል። የግሪኩ «ኪበርናን» (መርከብ መምራት) ላቲን ውስጥ «ጉበርናሬ» ሆኗል፤ የእንግሊዝኛው «ገቨርንመንት» ከዚያ ነው። ለውጡ በሌላም ቃል ሲደገም ጥርጣሬው ይቀንሳል።

«ኮሚ» ግሪክ ውስጥም እንግዳ ነው፤ እንደ አገሬው ስሞች አይረባም። በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የጻፈው ሄሮዶቱስ፣ ግብፃውያን የሬሳ መገነዣውን ጨርቅ በ«ኮሚ» እንደሚያጣብቁ፣ ነገሩም የግራር ሙጫ እንደሆነ ይነግረናል። ጥንታዊው የግብፅ ጽሑፍ አናባቢ ስለማይጽፍ ቃሉ «ቅ-ም-ይ-ት» ሆኖ ይገኛል፤ የመጨረሻዋ «ት» በኋላ ዘመን አነጋገር ወድቃለች። እንግዲህ ቃሉ ከዓባይ ወንዝ ዳር ወጥቶ፣ አውሮፓን ዞሮ፣ ወደ ዓባይ ምንጭ አገር ተመለሰ።

ሙጫ እንዴት የመኪና ጎማ ሆነ? የላስቲክ ጥሬ ዕቃም ከዛፍ የሚፈስ ፈሳሽ ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ከድኝ ጋር አሙቆ አጠነከረው፤ ጣሊያኖችም ላስቲኩን በሙጫ ስም ጠሩት።

መጠንቀቅ ያለብን በድምፅ መመሳሰል ነው። እንግሊዝኛ ድድንም «ጋም» ይላል፤ የዚያኛው ሥር ግን ሌላ፣ ጀርመናዊ ነው። ጅማ ዞን ያለው ጎማ ወረዳም ከጎሚስታው ጋር አይገናኝም፦ ጎማ ከጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረው መኪና ኢትዮጵያ ከመግባቱ ብዙ አስቀድሞ ነው።