ቡና ለቃሚዋና የሕግ ተማሪው

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የበበቃ ቡና ተክል ይገኛል። በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ የተንጣለለ፣ በአገራችን ካሉት ትልልቅ የቡና ተክሎች አንዱ ነው። በቴፒ ዙሪያም እንዲሁ ሰፊ የቡና ተክል አለ። ሁለቱም ለረጅም ዓመታት በመንግሥት እጅ ቆይተው በኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛውረዋል። ቡናው መቅላት ሲጀምር ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከወላይታና ከከምባታ ሳይቀር ሰው ለለቀማ ወደዚህ ይወርዳል። ለቀማው ሲያበቃ ከፊሉ ወደ ቀዬው ይመለሳል፣ ከፊሉ ደግሞ ለአረምና ለችግኝ ሥራ እዚያው ይቀራል። ሒሳቡ ያልተዘጋለት ሠራተኛ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

በዚሁ አካባቢ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሕግ ትምህርት ቤትም አለው። ከሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ሥራ አንዱ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ መስጠት ነው። ተማሪው በተግባር ትምህርቱና በኤክስተርንሺፕ ጊዜው ከመምህሩ ሥር ሆኖ ባለጉዳይ ያነጋግራል፣ ሕጉን ያገላብጣል፣ አቤቱታ ያረቅቃል። የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለው እንደ ጠበቃ ችሎት ቆሞ አይከራከርም። ብዙ ጊዜ ባለጉዳይዋ ራሷ ትቀርባለች፤ በእጇ የያዘችው ግን እሱ ያረቀቀው ወረቀት ነው።

በሌሎች አገሮች የሠራተኛ ጉዳይና የቡድን ክስ ብቻ የሚይዙ የጥብቅና ድርጅቶች አሉ፤ ተማሪ እዚያ ገብቶ ከነባር ጠበቃ ሥር ይሠለጥናል። በእኛ አገር ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ መንገዱን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ስለሆነ ዘርፉ ገና ልጅ ነው። በደቡብ ምዕራቡ ቡና አገር ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና የሚቀርበው ቦታ የነጻ ሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ ነው። እኔ በበኩሌ የሕግ ተማሪ ሙያውን የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በሠራተኛ ጉዳይ ሕጉ አጭር፣ ጊዜው ጠባብ፣ ማስረጃው ቀጭን ነው፤ ባለጉዳይዋ ደግሞ የምትከፍለው ገንዘብም ሆነ የምታባክነው ቀን የላትም።

ሥራው ከጥያቄ ይጀምራል። የገባችው ሴት አማርኛ አቀላጥፋ ላትናገር ትችላለች፤ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ካፊኛ ወይም ወላይትኛ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ተማሪው በመጽሐፍ የለመደው «የሥራ ውሉ መቼ ተመሠረተ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ መልስ አያመጣም። «እዚህ ስትመጪ ቡናው ቀልቶ ነበር? ከለቀማው በኋላስ ምን ሠራሽ? ሥራ የሚያዝሽ ካቦ ማን ነበር? ብሩን ስትቀበዪ የምትፈርሚው የት ላይ ነው?» ሲባል ግን ታሪኩ ይወጣል።

የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ሕጉ ይፈልገዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ ሊደረግ የሚችለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ለቅማ በጥር ወደ አገሯ የምትመለሰው ሴትና ከለቀማው በኋላ ስታርም፣ ችግኝ ስታፈላ፣ ጥላ ዛፍ ስትገርዝ ዓመቱን የምትደፍነው ሴት በአንድ ካቦ ሥር ቢውሉም በሕግ ፊት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ልዩነት የሚያወጣው ተማሪው የጠየቀው ጥያቄ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም መብቷን አያስቀርም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጣት ይገባ ነበር፤ ይህን ባለማድረጉ እሷ የምታጣው ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀን ቆጠራ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ተማሪው እንዲጠነቀቅበት የምመክረውም ይኸው ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላም ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ እስከ 6 ወር ነው። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያም ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል። ሌላ የጊዜ ገደብ ያልተቀመጠለት ጥያቄ አንድ ዓመት አለው። በውል ሕግ ክፍል ውስጥ የ10 ዓመት ይርጋ ሲያጠና ለቆየ ተማሪ ይህ አስደንጋጭ ነው።

አደጋው የሚበረታው ደግሞ በጥሩ ልማዳችን በኩል ነው። በዚህ አገር ሰው ከተጣላ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ሠራተኛዋ ተሰናብታ ካቦውን ትለምናለች፤ ካቦው «ቆይ፣ ኃላፊውን እናናግርልሻለን» ይላታል፤ ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ «ከፋሲካ በኋላ» ይባላል። ሁሉም በቅንነት ይሆናል። ይርጋው ግን አይጠብቅም። አዋጁ ይርጋ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ለይቶ አስቀምጧል፦ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ማመልከት፣ ወይም ተከራካሪው ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ ማመኑ። የሽማግሌ የቃል ተስፋ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ጥሩ የሠለጠነ ተማሪ ሽምግልናውን አይነቅፍም፤ «ሽምግልናው ይቀጥል፣ እኛ ግን ዛሬ ማመልከቻ እናስገባ» ይላል። እግረ መንገዱንም ለሽማግሌዎቹ፣ አሠሪው ያመነውን ዕዳ በጽሑፍ እንዲያሰፍር እንዲጠይቁት ይነግራቸዋል። ያቺ አንዲት ወረቀት የሰው መብት ታተርፋለች።

ሒሳቡንም ቀረብ ብለን እንየው። ለምሳሌ ያህል በቀን በአማካይ 100 ብር የምታገኝ፣ 5 ዓመት ከ4 ወር ያገለገለች፣ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተሰናበተች ሠራተኛ እንውሰድ። የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዟ በ30 ተባዝቶ 3,000 ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 1,000 ብር ይጨመራል፤ ለ4 ዓመት 4,000 ብር ነው። ለተረፈው 4 ወር ተመጣጥኖ 333 ብር ከ33 ሳንቲም ይገባታል። ድምሩ 7,333 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ወደ ሥራ ካልተመለሰችና ውሏ ላልተወሰነ ጊዜ ከነበረ ደግሞ የቀን ደመወዟ በ180 ተባዝቶ 18,000 ብር ካሳ፣ በተጨማሪም የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ አላት። ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገለችና ዘጠኝ ዓመት ስላልሞላት የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው።

ተማሪው ይህን ማባዛት በአንድ ቀን ይለምደዋል። የሚከብደው መነሻው 100 ብር ከየት መጣ የሚለው ነው። የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው፤ ለቃሚ ደግሞ የሚከፈላት በኪሎ ነው። ዛፉ በቀላበት ሳምንት ያገኘችውና ቃርሚያ ብቻ በቀረበት ሳምንት ያገኘችው አይተካከልም። ስለዚህ የተሰናበተችበትን ቀን በትክክል ማወቅ የገንዘቡን መጠን እስከ መወሰን ይደርሳል። ማስረጃው ያለው ደግሞ በአሠሪው እጅ ነው። ሕጉ አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ፣ ጠቅላላ ክፍያው፣ ተቀናሹና የሠራተኛው ፊርማ እንዲሰፍርበት ያዝዛል። ተማሪው አቤቱታውን ሲጽፍ «ፔሮሉ በተከሳሽ እጅ ስለሚገኝ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት እንዲቀርብ ይታዘዝልን» የምትለዋን መስመር ካልረሳ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሠራተኛዋ ክብደቱ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት አስቀምጣ ከሆነ ደግሞ ቀኑ እንዳይጠፋ ወዲያው ኮፒ ይደረጋል።

አቤቱታው የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አትከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ይጠይቃል፤ ቅር ያለው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል።

እስካሁን ያየነው የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። አንድ ካቦ ሥር የዋሉ ስልሳ ሰዎች ተመሳሳይ ቅሬታ ይዘው በሩ ላይ ቢቆሙስ? ተማሪው መጀመሪያ መለየት ያለበት ክርክሩ የግል ነው ወይስ የወል የሚለውን ነው። የአዲስ የሥራ ሁኔታ መወሰን፣ የኅብረት ስምምነት ትርጓሜ፣ የሠራተኛ ቅነሳና በጠቅላላው ሠራተኞችን የሚነካ ጉዳይ የወል የሥራ ክርክር ስለሆነ በአስማሚ ይታያል፤ ካልተፈታም ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። ስልሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው ያልተከፈለ ደመወዝ ቢጠይቁ ግን ብዛታቸው ብቻ ጉዳዩን የወል አያደርገውም፤ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። መንገድ መሳሳት ይርጋ እየቆጠረ ሳለ ወር ያባክናል።

ፍርድ ቤት ሲሄዱ የቡድን ክስ ጥያቄ ይነሣል። በአሜሪካ ከ1966 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚሠራበት ሥርዓት፣ ለገንዘብ ካሳ በሚቀርብ የቡድን ክስ ጥቂቶች ለብዙዎች ይከሳሉ፤ ከቡድኑ መውጣት የፈለገ ነው «እኔ አልኖርበትም» የሚለው። የእኛ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38ም አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ሰዎች በአንዳቸው ወይም በጥቂቶቹ ተወክለው እንዲከራከሩ ይፈቅዳል። ልዩነቱ ፍርድ ቤቱ ሁሉም በዚህ ውክልና መስማማታቸውን ማረጋገጥ ያለበት መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበር ለአባላቱ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያለውን ቡድን የሚወክል ሰውም ለቡድኑ ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል።

ስለዚህ የቡድን ክስ በቡና አገር ከፊርማ ይጀምራል። ተማሪው ሠንጠረዥ ያሰምራል፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ሥራ የተጀመረበት ቀን፣ የቆመበት ቀን፣ ያልተከፈለው መጠን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። የሚጽፈውን ለማያነቡት በቋንቋቸው ያስነብባል፤ ከዚያ ነው አውራ ጣት ቀለም የሚነካው። ከስልሳው አሥሩ ወደ ወላይታ ወይም ወደ ከምባታ ተመልሰው ከሆነ በስልክ ማፈላለግ፣ ዘመድ መጠየቅ አለ። ስሙ በካቦው መዝገብ «ተስፋዬ»፣ በመታወቂያው «ተስፋ» የሆነውን ሰው ቀድሞ አለማስተካከል በኋላ መቃወሚያ ይጋብዛል። ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ነው፤ ነገር ግን የስልሳ ሰው መብት የተንጠለጠለው በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ከዚህ ይበልጥ የሕግ ባለሙያን የሚያንጽ ልምምድ አላውቅም። ሠራተኞቹ ቀድሞውኑ ማኅበር ቢኖራቸው ድካሙ በእጅጉ ይቀል ነበር፤ ለማቋቋም የሚያስፈልገው አሥር ሠራተኛ ነው።

አንድ ትልቅ ችግር አለ፤ በግልጽ መነገር አለበት። የዩኒቨርሲቲውና የቡናው የጊዜ ሰሌዳ አይገጥምም። ተማሪው ይመረቃል፣ ለዕረፍት ይሄዳል፣ ለመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ይርጋው ግን ሴሚስተር አያውቅም። መፍትሔው ፋይሉ ላይ ነው። በእያንዳንዱ መዝገብ ሽፋን ላይ ይርጋው የሚያልቅበት ቀን፣ ቀጣዩ ቀጠሮና የባለጉዳይዋ ስልክ በጉልህ ተጽፎ፣ የሚተካው ተማሪ በአምስት ደቂቃ አንብቦ የሚረከበው መሆን አለበት። መምህራን ለአቤቱታው ጽሑፍ የሚሰጡትን ያህል ማርክ ለርክክቡም ቢሰጡ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ይህን የምታነቡ ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከሸኮ፣ ከጉራፈርዳ ወይም ከቦንጋ የሆናችሁ ሁሉ፣ ቤተሰባችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ከእርሻ ሥራ ተሰናብቶ ከሆነ ሽማግሌ መላኩ ሳይቀር ዛሬውኑ ወደ ነጻ ሕግ ድጋፍ ወይም ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ላኩት። ደብዳቤም ሆነ ክብደት የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፣ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሂድ፤ ምንም ከሌለውም አብሮት የሠራ አንድ ሰው ይዞ ይሂድ። ወደ ሥራ ለመመለስ ያለው ጊዜ 3 ወር ነው፣ ለገንዘቡ 6 ወር።