ከጎንደር ጅግጅጋ በ53 ደቂቃ አይደረስም

ከጎንደር ጅግጅጋ በአውሮፕላን 53 ደቂቃ ብቻ ነው የሚል ወሬ ከሰው ሰው ይተላለፋል። ምንጩ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የርቀት ማስያዎች ናቸው። ለጨዋታ ብቻ ቢሆን ባለፍነው ነበር፤ ነገር ግን ይህን አምኖ ለቅሶ ለመድረስ ወይም የሐኪም ቀጠሮ ለማክበር የሚነሳ ሰው አለና መታረም አለበት።

ኪሎ ሜትሩስ ልክ ነው። ከጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ እስከ ጅግጅጋው ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ማስያው ይህን ለ800 ያካፍልና 53 ደቂቃ ይላል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ግን ጄቶች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ የሚበሩበት ፍጥነት ነው። በአገር ውስጥ መስመር በብዛት የምናየው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ቢበዛ 667 ገደማ ነው የሚበረው። እሱም ቢሆን እዚያ የሚደርሰው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ የሚያነበው ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ነው። አየሩ ሲሳሳ፣ ያንኑ ግፊት ለማግኘት አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት። መለኪያው 400 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ሳለ፣ በአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ፣ እውነተኛው ፍጥነት 450 ይጠጋል፤ 7,300 ሜትር ላይ ግን 580 ገደማ ይሆናል። መርፌው ንቅንቅ ሳይል 130 ኪሎ ሜትር ተጨመረ ማለት ነው። በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ክብደቱን ወደ ላይ በማንሳት ስለሚያዝ ለፍጥነት የሚተርፈው ትንሽ ነው።

መውረድም ጥድፊያ አይወድም። የተለመደው ቁልቁለት 3 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከ7,300 ሜትር ተነስቶ ቦሌ ለማረፍ መውረድ የሚጀመረው 95 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነው። መውጣቱም ተቀራራቢ መንገድ ይፈጃል። እንግዲህ ለምሳሌ ከጎንደር አዲስ አበባ ካለው 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ግማሽ በሚጠጋው ላይ አውሮፕላኑ ወይ እየወጣ ወይ እየወረደ ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ ሹፌር ሰዓቱን በሜዳ ፍጥነት አያሰላም፤ በረራም እንደዚያው ነው።

እነዚህ አኃዞች የተሰሉት ነፋስ በሌለበትና የአየሩ ሙቀት በመደበኛው ልክ በሆነበት ሁኔታ ነው። የፊት ነፋስ ያዘገያል፤ የኋላ ነፋስ ያፈጥናል። የጭነቱ ክብደትና ለማረፍ የሚመረጠው አቅጣጫም ደቂቃ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ማንም ሰው በማካፈል ብቻ ትክክለኛውን ደቂቃ ነገርኳችሁ ቢል አትመኑት።

በዚያ ላይ የአገር ውስጥ በረራችን ማዕከሉ ቦሌ ነው። በቦሌ በኩል ሲኬድ የጎንደር–ጅግጅጋ መንገድ 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይሁንና ጊዜውን የሚበላው የተጨመረው ርቀት እንዳይመስላችሁ። መቀሌንና አርባ ምንጭን እንይ፦ በቀጥታ 850 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ቦሌ መስመሩ ላይ ልትባል ስለምትችል በእሷ በኩል መዞር የሚጨምረው 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገደኛው ግን ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል፣ መሃል ላይም ተረኛውን አውሮፕላን ይጠብቃል። ርቀቱ ሳይረዝም ጉዞው በሰዓታት ይረዝማል።

ርቀት ለማወቅ ማስያው ይበቃል። ጉዞ የሚያቅድ ሰው ግን ትኬቱ ላይ የመጀመሪያውን መነሻና የመጨረሻውን መድረሻ ሰዓት ይመልከት፤ ቀጠሮውንም ከዚያ አሳልፎ ይያዝ።