ያውቁ ኖሯል? የሲጋራ ማስታወቂያና የክልከላው ጉድ

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ መጽሐፍ ጽፈዋል። ያውም በገዛ ብዕራቸው! ቀረጡንም ከ40 እጥፍ በላይ አናሩት!

የኦቶማኑ ሱልጣን አራተኛው ሙራድ ደግሞ በቀረጥ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1633 ማጨስን ከለከሉ፤ ቅጣቱም ሞት ነበር!

በአገራችንስ? በአጤ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የወሰደ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1929 የፋሲካ ዕለት ወይዛዝርት በኒውዮርክ አደባባይ ሲጋራ ለኩሰው ተንጎራደዱ። «የነጻነት ችቦ» ነው ተባለ! ነገሩን ከጀርባ ያቀነባበረው ግን ለሲጋራ ኩባንያ የሚሠራው ኤድዋርድ በርኔስ ነበር!

ማርልቦሮ መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ የሴቶች ሲጋራ ነበር ቢባሉ ያምናሉ? የከንፈር ቀለም እንዳያስታውቅበት ጫፉን ቀይ አደረጉለት! በማስታወቂያው ላይ ፈረሰኛው ካውቦይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የካሜል ሲጋራ ማስታወቂያ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ይታያል። ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት ካሜልን ነው ይል ነበር!

ጤና ይጠብቃል ተብሎ የተወደሰው የኬንት ሲጋራ ማጣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1956 ውስጡ ምን እንደነበረበት ያውቃሉ? አስቤስቶስ! ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ!

የካርቱን ገጸ ባሕርያቱ ፍሊንትስቶኖችም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ዊንስተን ሲጋራ እያጨሱ ያስተዋውቁ ነበር!

የአሜሪካ መንግሥት ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ያደረገው ቅዳሜ ቀን ነው። ለምን ቅዳሜ? የአክሲዮን ገበያው ዝግ ስለሆነ!

የሲጋራ ማስታወቂያ ከአሜሪካ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የታገደው ጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ነው። አንድ ቀን የተጨመረው፣ ኩባንያዎቹ በአዲስ ዓመት ዕለት ጨዋታዎች ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያስተዋውቁ ነው!

በአውሮፕላን ማጨስ ክልክል ነው። መጸዳጃ ቤቱ ግን ዛሬም መተርኮሻ አለው፤ ያውም በሕግ ግዴታ! ሕግ ጥሶ የሚያጨስ ቢገኝ ቁራጩን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ እሳት እንዳያስነሳ ነው!

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2012 ፓኮዎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም አለበሰች። ቀለሙ የተመረጠው በውበቱ አይደለም፤ በአስቀያሚነቱ ነው!

የእኛስ አገር? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያን አገደ። ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥም ክልክል ነው! ከንፈር የሚቆርጥ የለም፤ ነገር ግን ለኩሰው ከሆነ ሕዝብ ከሚገለገልበት ቤት በር ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ!