ያለ መጋዘን የከብት መኖ እንዴት ይቆያል?

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የእህል አጨዳና ውቂያ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ይካሄዳል። በዚያን ጊዜ ጭዱ ሞልቶ ይተርፋል። ከብቱ አብዝቶ የሚፈልገው ግን በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ሣሩ ገና አልጠናም፣ በሬውም ቀንበር ላይ ነው። ስለዚህ ጭዱ አምስትና ስድስት ወር መቆየት አለበት። በመካከሉ በልግ አለ፣ ከዚያም ክረምት ይገባል። ብዙው ገበሬ ደግሞ ቆርቆሮ የለበሰ የመኖ ቤት የለውም። ታዲያ መኖው ይበስብስ ማለት ነው? አይደለም። ክምር በደንብ ከተሠራ ራሱ ለራሱ ጣራ ይሆናል።

የመኖ ጠላት ውኃ ነው። ውኃውም በሦስት በኩል ይመጣል፤ ይኸውም ከመኖው ከራሱ፣ ከመሬትና ከሰማይ ነው።

ሀ/ ከመኖው ከራሱ፦ ድርቆሽ ስሙ እንደሚነግረን መድረቅ አለበት። እርጥብ ሣር ታጭዶ ወዲያው ቢከመር በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን እየተባዙ ሙቀት ይፈጥራሉ። ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው በክምሩ ሆድ ይጠራቀማል፤ አንዳንድ ጊዜም ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ክምሩ በራሱ ይነዳል። ከ100 ኪሎ ድርቆሽ ውስጥ ውኃው ከ20 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ከ15 ቢያንስ ይመረጣል። ይህን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። እፍኝ ሣር እንደ ገመድ መጠምዘዝ ነው፤ አገዳው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ ግን ገና ነው። ከተከመረ በኋላ የሚያጠራጥር ከሆነ ረጅም ብረት እስከ መሃሉ ሰዶ ሩብ ሰዓት አቆይቶ ማውጣት ነው። ብረቱ በእጅ አላስይዝ ካለ ውኃ በአጠገብ ተዘጋጅቶ ክምሩ ቶሎ ይፈረስ።

ለ/ ከመሬት፦ ባዶ መሬት ላይ የተከመረ ጭድ ከሥሩ እርጥበት እየሳበ ይጠቁራል፤ ምስጥም ይገባበታል። ስለዚህ ውኃ የማይተኛበት ተዳፋት ቦታ ይመረጥና ድንጋይ ተደርድሮ በላዩ እንጨት ይረበረባል። ነፋስ ከሥር ያልፋል። ከላይ በኩል ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል። ከማድ ቤትና ከአመድ መድፊያም መራቅ አለበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ዛፍ ሥር አይሆንም፤ ዝናቡ ቢያባራም ጠብታው አያባራምና።

ሐ/ ከሰማይ፦ ዋናው ዘዴ እዚህ ላይ ነው። ሲከመር ሁልጊዜ መሃሉ ከጠርዙ ከፍ ይበል። መሃሉ ደህና ተደርጎ ከተረገጠ፣ ክምሩ ሲሰጥም ጠርዙ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል አገዳው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ዝናቡም እንደ ሣር ቤት ክዳን ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። መሃሉ ከጎደለ ግን ውኃው ቀጥ ብሎ ወደ ልቡ ይገባል። በበሬ የተወቃ ጭድ አጭር ስለሆነ ወደ ውስጥ፣ ረጅሙ ወደ ውጭ ይሁን። ጫፉ ሾሎ በሰንበሌጥ ይከደንና ድንጋይ በተንጠለጠለበት ገመድ ይጠፈራል። ላስቲክ ያለውም ሰው አናቱን ብቻ ይሸፍን። እስከ መሬት ከጠቀለለው ክምሩ ያልበዋል፣ ላቡም ተመልሶ መኖውን ያረጥበዋል።

የክምሩ መጠንም ቢሆን ቁም ነገር አለው፤ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ይሆናል። 2 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ክምር ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ቢበላሽ 28 በመቶ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ዲያሜትሩ 4 ሜትር ከሆነ ግን ያው 15 ሳንቲ ሜትር የሚወስደው 14 በመቶ ያህል ነው። አስልታችሁ እዩት! ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ክምር ከማቆም ሁለት ትልልቅ ይሻላል። ሁለት መሆናቸውና መራራቃቸው አንዱን እሳት ቢያገኘው ሌላው እንዲተርፍ ነው። ጭዱ ሲወጣም ዝናብ ከማይመታው ጎን እየተመዘዘ ይሁን እንጂ አናቱ አይነካ።

ፉርሽካና ፋጉሎ ግን ውጭ አይከመሩም። ክዳን ባለው በርሜል፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ ጥላ ሥር ይቀመጡ። የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ ከላሚቱ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ወተት ውስጥ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል፤ በዋናነት የተጠረጠረውም የኑግ ፋጉሎ ነው። እንግዲህ የሻገተውን ለላም ሰጥቶ «ከብት ምን ይሆናል» ማለት ወተቱን የሚጠጣውን ልጅ መርሳት ነው።

ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ከብት ጠባቂዎች ናቸው። ቃል ከማብዛት ይልቅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ትንንሽ ክምር እንሥራ፤ አንዱ መሃሉ ከፍ ያለ፣ ሌላው የጎደለ። በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ እናፍስስባቸውና ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው በእጃቸው ይዳስሱ። ማታ ቤት ሲገቡ ለአባታቸው የሚነግሩት አያጡም።