የቪዲዮ ካሴት ትምህርቶች ወደ ኮምፒውተር ፋይል ሲለወጡ ስለሚደረግ የምጥጥንና የመስመር አመራረጥ

በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት ከመምህሩ ቃል ይበልጥ በምስሉ ትክክለኛነት ላይ የሚመረኮዝበት ጊዜ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በካሴት ተቀርጾ የነበረ የጂኦሜትሪ ትምህርት ወደ ኮምፒውተር ፋይል ተለውጦ ለዕጩ መምህራን ሲታይ ይህ ጸሐፊ በክፍሉ ተገኝቶ ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በኮምፓስ የተሠራው ክብ በስክሪኑ ላይ ሞላላ ሆኖ ታየ። ከዕጩዎቹ አንዷ ተነሥታ በማስመሪያ ብትለካው ቁመቱ 30፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የክብ ዲያሜትሮች ሁሉ እኩል ናቸው የሚለው የመምህሩ ድምፅ ግን እንደ ቀድሞው ይሰማ ነበር።

ስሕተቱ የመጣው በ4 ለ3 ምጥጥን የተቀረጸው ምስል የ16 ለ9 ስክሪን እንዲሞላ በመለጠጡ ነው። እንዲህ ያለው ምስል በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ተትቶለት መታየት ይገባዋል፤ ባዶው ቦታ ለዓይን ደስ ባይልም ምስሉን አያዛባም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ካሴት ወደ ፋይል ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ 720 በ576 ፒክስል ይሆናል። ይህም ሲሰላ 5 ለ4 እንጂ 4 ለ3 አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ በመጠኑ የሰፋ ነውና። ስለዚህ የ4 ለ3 ምጥጥን በፋይሉ ላይ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ክቡ ከስፋቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ይጠባል። እኩል ጎን ያለው ፒክስል የሚፈለግ ከሆነ 768 በ576 ይመረጣል።

የመስመሮቹ ጉዳይ ረቀቅ ያለ ነው። ፓል በሴኮንድ 25 ምስሎች ያሳያል ቢባልም፣ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸው እያንዳንዱ ምስል የሁለት ግማሽ ምስሎች ጥልፍልፍ ነው፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል፤ በመካከላቸውም የአንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ልዩነት አለ። ኮምፒውተር ሁለቱን በአንድነት ሲያሳይ የሚንቀሳቀስ እጅ ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ይህን ለማስወገድ አንዱን ግማሽ መጣል ቀላል ቢሆንም፣ የቁመቱ ዝርዝር በግማሽ ስለሚቀንስ በጠመኔ የተጻፈ ቀጭን ጽሕፈት ይጎዳል። የሚሻለው ከየግማሹ አንድ ሙሉ ምስል አውጥቶ በሴኮንድ 50 ማድረግ ነው፤ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ይህ ምርጫ «ቦብ» ይባላል። በተለይ የፔንዱለምን ውዝዋዜ በሚያሳይ የፊዚክስ ትምህርት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የትኛው ግማሽ እንደሚቀድም በስሕተት ከተመረጠ እንቅስቃሴው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል፤ በዲቪ ካሴት ቀዳሚው የታችኛው ነው። የምስሉን ቁመት መለወጥ ካስፈለገም ጥልፍልፉ ከተፈታ በኋላ ይሁን።

የምጥጥን ምዝገባ ቢሳሳት በማናቸውም ጊዜ ሊታረም ይችላል፤ የተጣለ መስመር ግን አይመለስም። ስለሆነም ለመዝገብ ቤት የሚቀመጠው ፋይል ጥልፍልፉ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማስተካከያው ለክፍል በሚላከው ቅጂ ላይ ብቻ ይደረግ። ካሴቱም ከመወገዱ በፊት አንድ መምህር በቅጂው ውስጥ ፊት ለፊት የሚታይ ክብ ፈልጎ በማስመሪያ ይለካ።